በምን ይተነፍሳል የሚሉት መምህር

መዳቢ የሌለበት ከተማ እግዜር አልፈጠረም። ሐኪም የሌለው ከተማ ሞልቷል፣ ውሃ የሌለው ከተማም ሞልቷል፤ መዳቢ ግን የትም አይታጣም። ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ሲያሳዩት «ደስ ይላል» ወይም «ያስጠላል» አይልም፤ «የምን ወገን ነው?» ይላል። ብርቱካን ብትሰጡት ከመላጡ በፊት ከሎሚ ጋር ያላትን ዝምድና ያስረዳችኋል። ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳን ከልቡ የሚያለቅሰውንና ለይሉኝታ የሚያለቅሰውን በየረድፉ ለይቶ ይወጣል። ሰው ይሸሸዋል፣ ይስቅበታል፣ አንድ ቀን ሲቀር ደግሞ «የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል።

የአሰቡ መዳቢ መምህር ሣህሉ ነበሩ። ሊቀ መዳብያን ሣህሉ ብንላቸውም አይበዛባቸውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ከረባታቸውን የማይፈቱ፣ ከሸሚዛቸው ኪስ ማጉያ መነጽር የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ከተማው ግን ሣህሉ ብሎ አይጠራቸውም። «በምን ይተነፍሳል» ነበር ስማቸው፣ ምክንያቱም የማንኛውም ነገር ምርመራ ከዚህ ጥያቄ ይጀምር ነበርና። «መጀመሪያ በምን ይተነፍሳል? ሌላው በኋላ ይደርሳል» ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው።

ከሰማይ በታች ካለው ፍጥረት ሁሉ እሳቸው መርጠው የያዙት ደግሞ ዛጎል የሌለውን ቀንድ አውጣ ነው። ያንን ዝናብ ሲጥል ጎመን ላይ የሚለጠፈውን፣ ልጋጉን እያዝረበረበ የሚሄደውን፣ ሌላው ሰው በእንጨት ጫፍ አንሥቶ የሚወረውረውን። የባሕሩን አይደለም፣ የየብሱን ነው፤ እንደ ዓሣ በስንጥብ ሳይሆን እንደኔና እንደናንተ በሳንባ አየር የሚስበውን። ጎሬ ተወልደው ስላደጉ፣ ከዝናቡ ጋር አብረው ያደጉት እሱን እያዩ ነበር። ኮሌጅ ሲገቡ ይህ ለስላሳ ፍጡር በየቤተሰቡ፣ በየወገኑና በየዝርያው እንደሚለይ የሚያስተምር ሰው አጋጠማቸው፣ ከዚያ በኋላ አለቀላቸው። ሌላው ለሴት ልጅ የሚሰማውን እሳቸው ለቀንድ አውጣ ተሰማቸው።

ተመርቀው ሲወጡ አሰብ ተላኩ። ዓመት ጠብቆ አንድ ቀን ካፊያ ቢያይ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥበት አገር ማለት ነው። ባሕሩ ጨው፣ አሸዋው ጨው፣ ከንፈር ላይ የሚቀረው ንፋስ ጨው። ቀንድ አውጣ ደግሞ ጨው ሲነካው ቀልጦ የሚያልቅ ፍጡር ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እንዲህ ያለው ቦታ የላከው ማን እንደሆነ ባይታወቅም፣ ሳቂታ ሰው መሆን አለበት።

መምህር ሣህሉ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በዕድሜያቸው አንድም ቀንድ አውጣ አይተው ለማያውቁ ተማሪዎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳሉ አስተማሩ። ከአንገቱ በላይ የደረበው ቆዳ ካባ ይባላል። ቀንዱ ሁለት ጥንድ ነው፣ ዐይኑ የላይኛው ጥንድ ጫፍ ላይ ነው። መተንፈሻ ቀዳዳው አንድ ነው፣ እሱም በካባው በስተቀኝ በኩል ነው። በፈተና ቀን ግማሹ ክፍል የእንስሳውን ራስ ወደ ግራ አዙሮ ሳለና ቀዳዳዋን ፊት ለፊት አስቀመጣት፤ በግራ ጎኑ መሆኑ ነው። መምህር ሣህሉ ለሁሉም ዜሮ ሰጡ። ጉምሩክ የሚሠራው አቶ ኻሊፋ ተቆጥቶ ትምህርት ቤት ድረስ መጣና፣ ልጄ አይቶት የማያውቀውን እንስሳ ቀኝና ግራ ከየት ይወቅ ብሎ ጮኸ። መምህር ሣህሉ በጨዋ አንደበት፣ የእርስዎ ጉበት በየት በኩል ነው፣ አይተውትስ ያውቃሉ ወይ ብለው ጠየቁት። አቶ ኻሊፋ ጎኑን እየዳበሰ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ዝናቸው በባሕር ዳርቻው ሁሉ ተሰማ። ከበይሉል አንድ ሐጂ የሚባሉ አሮጌ ዓሣ አጥማጅ፣ አስተማሪው የሚፈልገው ነገር ይኸ ነው ብለው ቀይ፣ ጫፉ ጥልፍ የመሰለ፣ ልስልስ ያለ የባሕር ፍጡር በባልዲ ይዘውላቸው መጡ። ከበይሉል አሰብ ድረስ ውሃውን እንዳይፈስ ሲጠብቁ ክንዳቸው ደንዝዟል። መምህር ሣህሉ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ አመሰገኑ፣ ከዚያም በጣም እያዘኑ የአክስት ልጅ ነው እንጂ ራሱ አይደለም፣ በስንጥብ ነው የሚተነፍሰው አሉ። ሽማግሌው፣ በምን ይተንፍስ በምን እስከዚህ ድረስ በሕይወት አምጥቼዋለሁ ብለው ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ተመለሱ። ለረጅም ጊዜ ሰላምታም አልሰጧቸው።

ይህን ሁሉ በየቀኑ ምሳ ላይ የምትሰማው እቴናት ነበረች። እቴናት የደሴ ልጅ ናት። ባሏ ወሰኔ ከኮምቦልቻ አሰብ ተሳቢ የሚነዳ ሹፌር ነበር፤ ባቲ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ከሞተ በኋላ ወደ ዘመዶቿ አልመለስም ብላ ካምቦ ሱዳን ሰፈር በጣውላና በቆርቆሮ የተሠራች ምግብ ቤት ከፈተች። አብራት የምትሠራው ሐስና የአገሬው ልጅ ናት፣ ዓሣ ጠብሳ የምትነካው ሁሉ ይጣፍጣል። መምህራኑ፣ የወደቡ ጸሐፊዎች፣ ከመሀል አገር ተመድበው የመጡ ወንደላጤዎች ሁሉ በኮንትራት የሚበሉት እዚያ ነበር። ያ ጊዜ ደግ ጊዜ ነበር እላችኋለሁ። የመርከብ ጡሩምባ ሲሰማ ሁሉም የማን አገር መርከብ እንደሆነች ይወራረዳል፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ሰው አልጋውን ወደ ደጅ ያወጣል፣ የሐስና ዓሣ ሽታ ከአንዱ መንገድ ጫፍ እስከ ሌላው ይሄዳል። ሙቀቱ ሰውን አንድ ያደርገው ነበር መሰል፣ የማንም በር አይዘጋም።

መምህር ሣህሉ ከኮንትራት ተመጋቢዎቹ ሁሉ የሚያስቸግሩት ነበሩ። ማካሮኒ ሲቀርብላቸው ቀዳዳ ያለውንና የሌለውን ፓስታ ለሁለት ቤተሰብ ይከፍላሉ። የረመዳን ፆም ሲፈታ የሐስና ቤተሰቦች ጠርተዋቸው፣ ሳምቡሳውን በማጠፊያው ዓይነት ሲመድቡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳይበሉት ቀሩ። የከተማውን ሰው ራሱን በወገን በወገኑ አድርገው ነበር። በሙቀቱ የሚያለከልኩት ደገኞች የሳንባ ወገን ናቸው። ሐስናና ባሕሩ ያሳደጋቸው ሁሉ፣ ነሐሴ ሲነድ እንኳን የማያልባቸው፣ የስንጥብ ወገን ናቸው። የጉምሩክ ሰዎች ሁለቱንም ያውቁበታል፣ ስለዚህ እንደ እንቁራሪት ናቸው።

እቴናትን ብቻ አልመደቧትም። መጀመሪያ ላይ አልከነከናትም፣ እየቆየ ሲሄድ ግን ከነከናት። አንድ ቀን ሳህን እያነሣች እንደ ዋዛ፣ እኔስ የማን ወገን ነኝ አለቻቸው። መምህር ሣህሉ ጥቂት አሰቡና ገና ነዎት አሉ። ገና ነዎት! ሽንኩርቱ ተመድቧል፣ ጣሪያው ላይ የሚሽከረከረው ቬንቲላቶር ተመድቧል፣ ጓሮ የሚጮኸው የጎረቤት አህያ ተመድቧል፣ እሷ ገና ናት። በዚያ ሳምንት ወጣቸው ላይ ጨው በዛ ብለው አንዳንዶቹ አምተዋታል።

ከዕለታት አንድ ቀን ለመምህር ሣህሉ ሰማይ ተከፈተላቸው። አትክልት ሻጩ ዓብዱልዋሂድ ከኮምቦልቻ የመጣለትን ጥቅል ጎመን ሲያራግፍ አንድ ግራጫ ቀንድ አውጣ ከቅጠሉ መሀል ወደቀ። ሊጨፈልቀው ጫማውን ሲያነሣ መምህር ሣህሉ በአጋጣሚ እዚያው ነበሩና እጃቸውን ከጫማው ሥር አስገቡ። እጃቸው ቢያብጥም ቀንድ አውጣው ተረፈ። የከረሜላ ቆርቆሮ ክዳኑን በምስማር በስተው፣ እርጥብ አሸዋና የጎመን ቅጠል አድርገው አኖሩት። በአሰብ ምድር ላይ ያለኝ አንድ እሱ ብቻ ነው እያሉ ላገኙት ሁሉ ያወሩ ነበር። ችግሩ ክፍላቸው እንደ ፎርኖ የጋለ መሆኑ ነው።

በከተማው ቀዝቃዛ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ የእቴናት ጓሮ ነበር። እዚያ ጥላ ሥር ውሃ የሚያቀዘቅዘው ትልቁ የሸክላ ዚር ቆሟል፤ ሥሩ ሁልጊዜ እየተንጠባጠበ አሸዋውን ያረጥበዋል። መምህር ሣህሉ ቆርቆሮዋን ዚሩ ሥር ላስቀምጥ ብለው ለመኗት። ምግብ ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አላስገባም አለች። እሳቸውም አልተከራከሩም፤ ብቻ በየቀኑ ምሳቸውን በግማሽ እየተዉ ተነሡ። በመጨረሻ ሐስና፣ ይኸ ሰው በረሃብ ሞቶ ከምንጠየቅ እሺ በይው አለቻት። እቴናት እሺ አለች፣ ግን አስማለቻቸው፦ ቆርቆሮዋ ከጓሮ አልፋ የምግብ ቤቱን ደፍ እንዳትረግጥ። ማሉ፣ መሐላቸውንም ጠበቁ።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ከመብላታቸው በፊት በጓሮ በር ይገባሉ፣ ክዳኑን ይከፍታሉ፣ ምስር የምትለቅመውን እቴናትን ይጠራሉ። ሸንተረሩን ይመልከቱ ይሏታል፤ ከጅራቱ ጫፍ ተነሥቶ በጀርባው እስከ ካባው ድረስ ይሄዳል፣ ይኸ አንድ ቤተሰብ ነው። ሌላ ቤተሰብ አለ፣ ሸንተረሩ ጅራቱ ላይ ብቻ ብቅ ብሎ የሚቀር። አንዱን ካንዱ ያቀላቀለ ሰው ምንም አላየም ማለት ነው። እቴናት እህ እህ ትላለች፣ ምስሯን ትለቅማለች። ይኸን የመሰለ ወሬ የሚሰማ ጆሮ የለኝም ትል ነበር ለሐስና፣ ግን ጆሮ እንደ በር አይዘጋ ሆኖባት ሁሉም ገብቶ ቁጭ አለ።

እንዲህ ሲኖሩ የእቴናት ቤት መሳሳት ጀመረ። የነዳጅ ማጣሪያው ከተከፈተ ወዲህ ከተማው ሲያድግ ትልልቅ ምግብ ቤቶች ተከፈቱ፣ የኮንትራት ተመጋቢዎቿም አንድ ባንድ ወደዚያ ሄዱ። ደሴ ያለው ወንድሟ በሚመጣው ሹፌር ሁሉ፣ ቤትሽን ዝጊና ነይ፣ እኔ ጋ ትቀመጫለሽ እያለ ይልክባት ነበር። እቴናት ወንድሟን ትወዳለች፣ ነገር ግን በሰው ምድጃ ዳር ተቀምጦ የሰው ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ከዚያ የሚያድናት አንድ ነገር ብቻ መጣ። ወደቡ አጠገብ ያለ የመጋዘን ድርጅት ለሠራተኞቹ ምሳ የሚያቀርብለት ሰው ይፈልጋል፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ንዋይም ቤቷ መጥተው ቀምሰው ሊወስኑ ነው።

አቶ ንዋይ ሰላጣ ወዳጅ እንደሆኑ ሰማች። በዚያ አገር ትኩስ ሰላጣ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ የባሏ የቀድሞ ጓደኞች ከኮምቦልቻ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው በጋቢና አመጡላት። ሐስና እኛ ከባሕር የወጣውን ሁሉ በጨው ውሃ እናጥባለን፣ ይኸንንም እንጠበው ብትላት፣ እቴናት ቅጠሉ ይጠወልጋል ብላ በንጹሕ ውሃ ብቻ አለቀለቀችው። ሌሎቹን ተመጋቢዎች ቀደም ብለው እንዲበሉ አደረገች። መምህር ሣህሉ ግን ክፍል ስለነበራቸው በሰዓታቸው ከች አሉ። ጥግ ላይ አስቀምጣ፣ ዛሬ የትኛውም ነገር በምን እንደሚተነፍስ እንዳይጠይቁ አለቻቸው። ከንፈራቸውን ገጥመው እሺ በማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቶ ንዋይ ከሁለት የቢሮ ሰዎቻቸው ጋር መጡ። ዓሣውን ቀመሱ፣ ወደዱት። ዳቦውን ቀመሱ፣ ወደዱት። ሰላጣውን በሹካ ሲገልጡ ግን እጃቸው ቆመ። ከቅጠሉ ላይ አንድ ቡናማ ቀንድ አውጣ ተነሥቶ፣ በኮምጣጤው የተበሳጨ ይመስል፣ ቀንዶቹን አንድ በአንድ ዘረጋ።

ሐስና የፓስታውን ትሪ እንደያዘች በር ላይ ቀረች። የወንድሟ ቤት፣ የደሴ ብርድ፣ የሰው ምድጃ ባንድ ጊዜ እቴናት ፊት ድቅን አለ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አሉ አቶ ንዋይ።

መምህር ሣህሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ጥያቄ የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ ኖረዋል። ከወንበራቸው ተነሡ። እቴናት አሁን በምን እንደሚተነፍስ ሊያስረዱ ነው፣ አለቀልኝ አለች በልቧ። ወደ ጠረጴዛው ቀርበው ጎንበስ አሉ፣ ዐይናቸው ቦግ አለ፣ እጃቸው ወደ ማጉያ መነጽራቸው ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ መሐረባቸውን አውጥተው ቀንድ አውጣውን ቀስ ብለው አነሡት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ» አሉ። «የኔ ነው። ከኪሴ አምልጦ ነው።»

አቶ ንዋይ ደግመው እንዲናገሩ አደረጓቸው። አዎን፣ አስተማሪ ነኝ፣ ቀንድ አውጣ እመድባለሁ፣ ይዤው ስዞር ወጥቶብኝ ነው አሉ። ሁለቱ የቢሮ ሰዎች ለመመስከር ተሽቀዳደሙ። ሰውየው «በምን ይተነፍሳል» መሆኑን፣ በቆርቆሮ ቀንድ አውጣ እያኖረ የሚቀልብ መሆኑን፣ ይህን የማያውቅ በከተማው እንደሌለ ነገሯቸው። ለአንድ ሰው ዕብደት እንዲህ ያለ ምስክር አይገኝም። አቶ ንዋይ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ኮስተር አሉ። ምግቡ ጥሩ ነው፣ ሥራው የእቴናት ነው፣ ግን በአንድ ነገር፦ እኚህ ሰውና ቆርቆሯቸው የመጋዘኑ ሠራተኞች የሚበሉበት ቤት ድርሽ እንዳይሉ።

እቴናት ደግሞ ከማንም በላይ አመነች። የምግብ ቤቴን ደፍ እንዳያልፍ ብላ አስምላቸው ነበራ። መሐላቸውን በልተው፣ በዚያች ቀን፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ! ደሟ ፈላ።

«ይውጡልኝ፣ መምህር» አለቻቸው በሰው ፊት። «ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳላይዎት።»

መምህር ሣህሉ መሐረባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በፊት ለፊቱ በር ወጡ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሐስና ደስታውን ልታከብር እልል ልትል አስባ የእቴናትን ፊት ስታይ ተወችው። እቴናት ንዴቷን የምትወጣበት ፈልጋ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ያችን የተረገመች ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ ልትወረውራት ነው። ዚሩ ሥር እጇን ሰዳ አወጣቻት። ክዳኑን ከፈተች። ግራጫው ቀንድ አውጣ እርጥብ ቅጠሉ ላይ ተጋድሟል፣ ሸንተረሩ ከጅራቱ እስከ ካባው ድረስ ተዘርግቶ። እንደተቀመጠ ነው፣ የትም አልሄደም።

ተከትላት የወጣችው ሐስና፣ ምናልባት ሁለት ይሆናሉ አለች። እቴናት ራሷን ነቀነቀች። በአሰብ ምድር አንድ ብቻ ነው ያለኝ እያሉ ጆሮዋን ሲያደነቁሯት የኖሩ ሰው ሌላ ቢያገኙ ከተማው በጡሩምባ ይሰማ ነበር። ከፊት ለፊት በር ወጡ እንጂ ያነሡትን ወደ ቆርቆሮው ሊመልሱ ወደ ጓሮም አልዞሩም። ቀስ ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባችና የተረፈውን ሰላጣ ከእርጥብ ጆንያው አወጣች። ቅጠል በቅጠል ገነጠለች። ከእምብርቱ ላይ አንድ ትንሽ ቡናማ ቀንድ አውጣ ተለጥፎ ነበር።

መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። በሌላ ቀን ቢሆን ወርውራው እጇን በሳሙና ትታጠብ ነበር። አሁን በስተቀኙ አዞረችው። ትንሿ ቀዳዳ ተከፈተች፣ ተዘጋች፣ እንደገና ተከፈተች። ጀርባውን አየች። ሸንተረሩ ጅራቱ ላይ ብቻ ብቅ ብሎ ቀርቷል። እቴናት ጆሮዎቿ ሲግሉ ተሰማት፣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች።

ቆርቆሮዋን በነጠላዋ ሸፍና ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደች። መምህር ሣህሉ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ዳቦ በሳርዲን ይበሉ ነበር። ሲያዩዋት ብድግ አሉ፣ ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«ቆርቆሮዎን ረስተው ሄዱ» አለች።

«ሁለት ነበሩ» አሉ ሳትጠይቃቸው።

«እሺ። ሁለተኛው የዚህኛው ዓይነት ነበር?»

ዳቧቸውን ቆረሱ።

«ሸንተረሩ እስከ የት ይደርሳል፣ መምህር?»

«እስከ ካባው» ቢሉ ያበቃ ነበር። ሁለት ቃል ነው። ለሥራ አስኪያጅ ፊት ለፊት ዋሽተዋል፣ የከተማ መሳቂያ ለመሆን አላመነቱም፣ መሐላ አፍራሽ ተብለው ሲባረሩ አልተነፈሱም። አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። ባሕሩን አዩ፣ ሳርዲኑን አዩ። ላባቸው ከግንባራቸው ወደ መነጽራቸው ወረደ። ስለ ራሳቸው የፈለጉትን ይዋሻሉ፣ ስለ ቀንድ አውጣ ሸንተረር ግን መዋሸት ከአቅማቸው በላይ ነበር።

«ጅራቱ ላይ ብቻ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ በቀስታ።

«የሰላጣዬ ነዋ።»

«ነው።» ከዚያ ሁሉን ረስተው ቀና አሉ። «እርስዎ ግን በምን አወቁ?»

«ሌላ ነበር፣ አየሁት። ቀዳዳውንም አይቻለሁ።»

«በየት በኩል?»

«በስተቀኝ።»

መምህር ሣህሉ መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉት፤ ሲጠርጉ ቆዩ። በአሰብ በኖሩባቸው ዓመታት ሁሉ ስንት ሰሌዳ ሞልተው የጨረሱለት ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከዚያ ግን ለመኗት፤ ለአቶ ንዋይ እንዳትናገር፣ ሥራውን እንዳታጣ፣ እሳቸው ሳርዲን ምንም እንደማይላቸው፣ እንዲያውም እንደሚወዱት። ሳርዲን እንደማይወዱ እቴናት ታውቃለች።

በማግስቱ ጠዋት ንጹሑን ቀሚሷን ለብሳ አቶ ንዋይ ቢሮ ገባች። እንዲህ ያለ ሥራ አግኝቶ በእጁ የሚመልስ ሰው አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? እሷም አላመነችም፣ ግን ገባች። ያ ነገር የመምህሩ ሳይሆን የሰላጣዬ ነው አለች። አቶ ንዋይ በምን አወቅሽ አሏት። እሷም አስረዳቻቸው፤ ካባውን፣ ሸንተረሩን፣ የሁለቱን ቤተሰብ ልዩነት፣ መተንፈሻዋን። ሁለተኛው ጥንድ ቀንድ ላይ ስትደርስ አቶ ንዋይ የቀረበላቸውን ሻይ ወደ ጎን ገፉት።

«ይበቃል ወይዘሮ፣ ይበቃል» አሉ። «ይህን ያህል የምታውቂውን ነገር ሁለተኛ ሳታዪ አታሳልፊውም። ሰላጣው ይቅር፣ ዓሣው ይቀጥል። ሰውየውንም መልሺው።»

መምህር ሣህሉ ወደ ጥጋቸው ተመለሱ፣ ቆርቆሮዋም ወደ ዚሩ ሥር። የመጋዘኑ ሠራተኞች እየሳቁም ቢሆን ለመዷቸው፣ ማን ሳንባ ማን ስንጥብ እንደሆነም እየተከራከሩ መብላት ጀመሩ። ከበይሉል የመጡት ሐጂ ሳይቀሩ አንድ ቀን ብቅ ብለው የስንጥብ ወገን ዋና መሆናቸው ሲነገራቸው ቂማቸውን ተዉ። እቴናት ደሴ አልሄደችም። ቤቷ ሞላ፣ ጣውላው ቀለም ተቀባ፣ ሐስናም በየዓመት በዓሉ ሳምቡሳ ከመመደቡ በፊት በትኩሱ እንዲበላ ሕግ አወጣች። እንደዚያ ያሉ ዓመታት መቼ እንዳለፉ ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀው ካለፉ በኋላ ነው።

በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት የመምህር ሣህሉ ዝውውር ደረሰ። በየዓመቱ ሲጠይቁት የነበረው ነው፤ ዝናብ ወዳለበት አገር፣ ቀንድ አውጣ በየቅጠሉ ወደሚገኝበት። ከተማው ሁሉ እንኳን ደስ አለዎት አላቸው። እሳቸው ግን ዝናብ የሚፈልግ ሰው ፊት አልነበራቸውም። ሻንጣቸው ተሳቢው ላይ ተጭኖ፣ ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ እቴናት ስንቅ ይዛ መጣች። ስንቁን በመስኮት አቀበለቻቸው፣ ከዚያም ስንት ዓመት የያዘችውን ጠየቀቻቸው።

«ሽንኩርቱን ሳይቀር መድበው ሄዱ። እኔስ፣ መምህር?»

መምህር ሣህሉ ጣታቸውን ወደ ላይ ሊቀስሩ ጀምረው ተዉት።

«አንድ ብቻ የተገኘ ነገር አይመደብም፣ ወይዘሮ እቴናት» አሉ። «ለመመደብ አጠገቡ የሚቀመጥ አምሳያ ያስፈልጋል። እኔ ፈልጌ አላገኘሁም።»

መኪናው ተነሣ። እቴናት አቧራው እስኪበርድ ድረስ እዚያው ቆመች፣ ከዚያ ሐስና መጥታ ክንዷን ይዛ ወደ ቤት መለሰቻት።

ታዲያ ምን ነበሩ ትሉኛላችሁ፤ ወዳጅ? ዘመድ? ሌላስ ነገር ነበር ወይ? በኋላስ ተገናኙ ወይ? አይቀርም፣ እናንተም መዳቢዎች ናችሁ። እኔ የማውቀው እቴናት ዛሬ አርጅታ ደሴ እንደምትኖር ነው፣ በወንድሟ ምድጃ ዳር ሳይሆን በራሷ ቤት። ክረምት ሲገባ ከጓሮዋ ጎመን ትቆርጣለች። አንዳንዴ ከቅጠሉ ላይ አንዱ ተለጥፎ ይገኛል፣ ጎረቤቷ ባዩሽም ጨው ልትነሰንስበት ትሮጣለች። እቴናት «ቆዪ እስቲ» ትላታለች። መዳፏ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ መነጽሯን ትፈልጋለች፣ ቀስ ብላ በስተቀኙ ታዞረዋለች፣ ቀዳዳዋ እስክትከፈት ድረስም ትጠብቃለች።

«ይተነፍሳል» ትላለች፣ ከዚያ ወደ ጎመኑ ትመልሰዋለች።